በ2015 ወደ ቫኑዋቱ የላክሁት ጋቢ የት ደርሶ ይሆን?

የፉትስክሬይዋ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ ትንሽ ያስቃል፤ ግን ከምሬ ነው።

የምኖረው ሜልቦርን ነው። በማርች 2015 ፓም የሚባለው ሳይክሎን (ከባድ የባሕር አውሎ ነፋስ) የፓስፊክ ደሴቶች አገር የሆነችውን ቫኑዋቱን ሲመታ እዚህ ቴሌቪዥኑ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ጣሪያ የሌለው ቤት፣ ቅጠሉ የተላጨ ዛፍ፣ ፍርስራሽ ላይ በባዶ እግራቸው የቆሙ ልጆች። ያኔ አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች ኮንቴይነር ሊሞሉ ተነሱ። እኔም ካርቶን ይዤ ሄድኩ። ልጆቼ የጠበባቸውን ልብስ፣ ሁለት ብርድ ልብስ፣ የታሸገ ምግብ ከተትኩ። ከላይ እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝን ጋቢ አደረግሁበት። ለምን እንዳደረግሁት እስካሁን አላውቅም። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሌሊቱን ምን ይለብሳል ብዬ ነው መሰለኝ። እናቴ ስትሰማ አልተቆጣችም። «ደግ አደረግሽ» ነው ያለችኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። እዚያ አካባቢ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል የሳይክሎን ወቅት ነው። የማኅበራችን ዋትሳፕ ላይ አንዷ «ዘንድሮ ሳይመጣ ቀድመን ልብስና ብርድ ልብስ እንሰብስብ» አለች። ሁሉም ተስማማ። ጋራዥ ያለኝ እኔ ነኝና ዕቃው እኔ ቤት ተከማቸ። እስከ ትናንት 14 ትልልቅ ፌስታል ደርሷል፤ መኪናዬ ውጪ ነው የሚያድረው።

ባለቤቴ ደግሞ ማታ አንድ ጽሑፍ አነበበልኝ። ከፓም በኋላ ማንም ሳይጠይቃቸው የተላኩ ኮንቴይነሮች ፖርት ቪላ ወደብ ላይ ለወራት ተገትረው ቀሩ ይላል። እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእናቴ ጋቢ እዚያ ውስጥ ይሆን? የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። እነዚህን 14 ፌስታሎችስ ምን ላድርጋቸው?

ዲመሬጅ

እህቴ፣ ጅቡቲ ወደብ ላይ ለዓመታት ትራንዚተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ስሜም የመጣው ከዚያው ነው። ስለዚህ የምነግርሽ በወደቡ በኩል ያለውን ነው።

ባልሽ ያነበበው እውነት ነው። የአውስትራሊያ ቀይ መስቀል ነገሩን አጥንቶታል። ከፓም በኋላ ሳይጠየቁ የተላኩ ከ70 በላይ ኮንቴይነሮች ቫኑዋቱ ገቡ። ከ10 ወር በኋላ 18ቱ ገና ወደቡ ላይ ነበሩ። ከገባው ምግብ ብዙው ቀኑ ያለፈበት ነበር። ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ፣ የሴት ቦርሳ ሁሉ ነበረበት። በዓመቱ ፌብሩዋሪ 2016 ጎረቤቷ ፊጂ ዊንስተን በሚባለው ሳይክሎን ስትመታ ደግሞ ባሰ። 133 ኮንቴይነር ገባ፤ በብትን የመጣው ሳይቆጠር። ተደምሮ 33 የኦሎምፒክ መዋኛ ገንዳ ይሞላል ተብሎ ተሰልቷል።

ለምን ይገተራል? ኮንቴይነር ተቀባይ ይፈልጋል። ወረቀቱ ላይ «ለቫኑዋቱ ሕዝብ» ተብሎ ከተጻፈ ጉምሩክ ማንን ይጥራ? ሕዝብ መጥቶ አይፈርምም። ፓኪንግ ሊስቱ ላይ «የተለያየ ዕቃ» ይላል። የተለያየ ምን? ምግብ ካለበት የጤና ሰው ማየት አለበት። ያገለገለ ጫማ ካለበት ጭቃና የሣር ዘር ይዞ እንዳይገባ የተክል ጤና ሰው ያየዋል፤ ደሴት ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም። ከቀረጥ ነጻ ለማውጣት ደብዳቤ ያስፈልጋል። ደብዳቤውን የሚጽፈው መሥሪያ ቤት ደግሞ ራሱ ጣሪያው ተነቅሏል፤ ሠራተኛው ቤቱ ፈርሶበት ልጆቹን ዘመድ ጋ አስጠግቶ ነው ሥራ የሚገባው። በዚህ መሀል ነጻ ቀኖቹ ያልቃሉ። ከዚያ ዲመሬጅ፣ ማለትም ዕቃው በመዘግየቱ የሚከፈለው ቅጣት፣ በቀን በቀን ይቆጥራል።

ትልቁ ጉዳት ግን ገንዘቡ አይመስለኝም። ወደቡ ትንሽ ነው። ፎርክሊፍቱ የተቆጠረ ነው፤ ክሬኑም፣ ሰዉም። ያንቺን ካርቶን ለማውረድ የቆመው ፎርክሊፍት፣ ከኋላ የመጣውን ሸራና ጀሪካን ማውረድ ሲገባው ነው የቆመው።

ጋቢሽን በተመለከተ፣ ልዋሽሽ አልችልም፤ የት እንዳለ አላውቅም።

ኮሜንት_አንባቢ

ይቅርታ አቋረጥኩ። ዜናው ላይ «ታና ክፉኛ ተመታች» ሲባል ጣና ሐይቅ መስሎኝ ባሕር ዳር ደውዬ ነበር ያኔ 😂 አክስቴ «እዚህ ደመናም የለ» አለችኝ።

ጋሽ_መርከቡ

አይዞህ፣ ስሙ ያሳስታል። ታና የምትባለው ከቫኑዋቱ ደሴቶች በደቡብ በኩል ያለችው ናት። እሳተ ገሞራ አላት፤ ያሱር ይባላል። እኔ የመርከብ ሰው ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። በዚያ በኩል ሁለት ጊዜ አልፌያለሁ። ሁለቱም ጊዜ ደህና አየር ነበር፤ ተመስገን።

ልጆች፣ ካርታ ክፈቱና እዩት። ቫኑዋቱ ከ80 በላይ ደሴት ናት። ሰው የሚኖርባቸው 65 ያህሉ ናቸው። ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዕቃ ፖርት ቪላ ደረሰ ማለት ገና መንገዱ ተጀመረ ማለት ነው። ከዚያ ትንሽ መርከብ ላይ ይጫናል። ትንሿ መርከብ ብዙ ቦታ የምትጠጋበት ወደብ የላትም። ከባሕሩ ላይ ቆማ ወደ ጀልባ ታወርዳለች፤ ከጀልባው ሰው እስከ ደረቱ ውሃ ገብቶ በትከሻው ያወጣዋል። ሞገድ ካለ ያን ቀን ቀርቷል። 25 ኪሎ ሩዝ እንዲህ ሲወጣ አይቻለሁ። ተሸካሚው ልጅ ውሃው አገጩ ሲደርስ ጆንያውን ጭንቅላቱ ላይ አድርጎ ቆመ፤ ሞገዱ አለፈ፤ ደግሞ ተራመደ። አንድ ጆንያ ለማውጣት ነው ይህ ሁሉ።

ፓም ማርች 13 ሌሊት ሲያልፍ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ነበር። ስልክ ተቋረጠ። ዋና ከተማዋ ያለችበት ኤፋቴ እንኳ ራሷን ለመቁጠር ጊዜ ወሰደባት። የደቡቦቹ ደሴቶች፣ ታናና ኤሮማንጎ፣ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ ለቀናት የሚያውቅ አልነበረም። ቃኚ አውሮፕላን ቶንጎዋ በምትባል ደሴት ላይ ሲበር ሰዎች በመስታወት ፀሐይ እያንጸባረቁ ሲጠሩ አየ። መሬት ላይም ትልቅ የእንግሊዝኛ «ኤች» ሠርተው ነበር። እርዱን ማለታቸው ነው። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ባልድዊን ሎንስዴል ራሳቸው ያን ሰሞን ጃፓን፣ ሴንዳይ ነበሩ። ምን ጉባኤ ላይ? የአደጋ ሥጋት ቅነሳ ጉባኤ ላይ። እዚያ ሆነው የቤተሰባቸውን ደህንነት እንኳ ማወቅ አልቻሉም ነበር።

የፉትስክሬይዋ

ጋሼ፣ የልጁን ነገር ሲያነቡት ዓይን ላይ ይመጣል። እኔ ካርቶኑን በፎርክሊፍት ከቤቱ በር ላይ የሚያስቀምጡለት ነበር የሚመስለኝ።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ያ ሁሉ ነፋስ ሆኖ የሞተው ሰው ግን ጥቂት ነው ይባላል። እውነት ነው?

ጋሽ_መርከቡ

እውነት ነው ልጄ። የተባበሩት መንግሥታት መጀመሪያ 24 ብለው ነበር፤ በኋላ 11 ብለው አስተካከሉ። አንድም ነፍስ ቀላል አይደለችም። ግን ከሕዝቡ ግማሽ በላይ፣ 188,000 ሰው ያህል ተጎድቶ፣ 17,000 የሚሆን ቤት ፈርሶ ወይ ተጎድቶ ነው 11።

ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ደርሷቸዋል፤ በሬዲዮም በስልክ መልእክትም። ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ገቡ፤ ዋሻ የገባም አለ። ሌላው የጥንቱ ቤታቸው ነው። ታና ላይ ጣሪያው መሬት ሊነካ የደረሰ፣ ዝቅ ያለ የሣር ጎጆ አላቸው። ነፋሱ የሚይዘው ግድግዳ የለውም። ቢወድቅ እንኳ ሣር ነው የሚወድቅብህ። ቆርቆሮ ግን ሲነቀል ቢላ ነው።

ቦዬ_ተካይ

እኔ ወላይታ ተወልጄ ያደግሁ፣ በሙያዬ የእርሻ ሰው ነኝ። እስካሁን ስለ ልብስና ወደብ ነው የተወራው። የምግቡን ነገር ማንም አላነሳም።

የቫኑዋቱ ገበሬ የሚበላውን ብነግራችሁ የወላይታ ሰው ጎረቤቱ ይመስለዋል። ጎደሬ፣ ቦዬ፣ ካሳቫ፣ ስኳር ድንች፣ ሙዝ። ሩዝ የሚገዛው ከተሜው ነው። ገጠር ያለው ጓሮው ነው ጎተራው። ከፓም በኋላ በተመቱት ደሴቶች የተተከለው ሁሉ ወድሟል ማለት ይቀላል፤ 96 በመቶ የምግብ ሰብል ነው የተባለው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ረሃቡ በማግስቱ አይመጣም። በመጀመሪያው ሳምንት እንዲያውም ምግብ ሞልቷል። ሙዙ ወድቋል፤ ይለቀማል። ኮኮናቱ ወድቋል። የካሳቫ ግንድ ሲሰበር ሥሩ ሳይበሰብስ ቶሎ መነቀል አለበት፤ ስለዚህ ሁሉም ካሳቫ ይበላል። ጋዜጠኛው የሚመጣው በዚህ ሳምንት ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት የወደቀው ያልቃል። መሬት ውስጥ የቀረውም ይበሰብሳል። ረሃቡ ያኔ ነው የሚጀምረው፤ ካሜራው ደግሞ ያኔ ሄዷል።

ከዚያ ቁጠሩ። ስኳር ድንች ዛሬ ብትተክል ከሦስት እስከ አምስት ወር ትጠብቃለህ። ሙዝ ወደ ዓመት ይጠጋል። ቦዬ ወቅቱን ጠብቆ ነው የሚተከለው፤ ዘሩም ራሱ ቦዬው ነው። ርቦህ ከበላኸው የምትተክለው የለህም። እኛ ሰፈር ዘር የበላ ሰው ይታዘንለታል፤ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ ነው የተራበው። ካቫ የሚባለው ለገበያ የሚተክሉት ሥር ደግሞ ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ የልጅ ትምህርት ቤት የሚከፈለው ከሱ ነው። ይህ ሁሉ ሳያንስ በዚያው ዓመት ኤል ኒኞ መጣና ድርቅ ሆነ። አዲስ የተተከለው ደረቀ።

ስለዚህ መንግሥት ሩዝና የታሸገ ዓሣ ማደሉ ልክ ነበር። ከዚያው ጎን ቶሎ የሚደርስ የአትክልት ዘር፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የካሳቫ ቁራጭ ያልተመታ ደሴት ላይ ገዝቶ ወደ ተመታው መውሰድ ነው ሰው የሚያቆመው። የአገራቸው ዝርያ ነው፤ በሽታ አያስገባም፤ የሸጠው ገበሬም ይጠቀማል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የዳቦ ፍሬ የሚባል ዛፍ አላቸው። ፍሬውን ልጠው፣ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ቅጠል አንጥፈው ይቀብሩታል። ይቦካል። ለወራት፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። ለክፉ ቀን ነው። ቆጮ ሲቀበር ላየ ሰው ምን ልንገረው! ሽታው ራሱ አንድ ሳይሆን አይቀርም። ዛሬ ግን ሩዝ ሱቅ ስላለ ልማዱ ብዙ ቦታ ተረስቷል፤ የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው።

ደረቅ_ሐቅ

ሁላችሁም ጥሩ ነው የምታወሩት። ግን ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። «ልብስ አትላኩ፣ ገንዘብ ላኩ።» ገንዘቡ የት ይገባል? ለላንድክሩዘርና ለሆቴል። እኛ ከሰባ ሰባት ድርቅ ጀምሮ እርዳታ ሲመጣ ያየን ሰዎች ነን። ልብስ ቢያንስ ልብስ ነው፤ ማንም በባንክ አያስገባውም።

የቫኑዋቱ መንግሥት ራሱ ያኔ አማርሯል እኮ። ድርጅቶቹ ሳያስተባብሩን በየፊናቸው ይሮጣሉ፤ ሥራችንን አዘገዩት ብሏል። አልተባለም?

ዲመሬጅ

ተብሏል። ትክክልም ነበሩ። እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ፎርም ይዞ እዚያው መንደር ይሄዳል። አንድ አባወራ ስለፈረሰች አንዲት ጎጆ አራት ጊዜ ይጠየቃል። አራተኛው ጠያቂ ሲመጣ ሰውዬው ጎጆውን ሠርቶ ጨርሷል።

ግን ወንድሜ፣ ቅሬታው ያንተን ሐሳብ አይደግፍም። መንግሥት ያለው «እኛን ጠይቁ» ነው፤ «የፈለጋችሁትን ላኩ» አላለም። ልብስም በነጻ አይሄድም። የባሕር ጭነት፣ የወደብ፣ የመጋዘን፣ የመኪና፣ የትንሿ መርከብ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የማቃጠያ ወይ የመቅበሪያ ወጪ አለው። ቆሻሻ መጣያ ቦታ በሌላት ደሴት ላይ አንድ ኮንቴይነር ሰልባጅ መቅበር ምን ማለት እንደሆነ አስበው።

ደረቅ_ሐቅ

ስለ ማቃጠያው አላሰብኩም ነበር። እሺ። ስለ ላንድክሩዘሩ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

ሲስተር_ነኝ

ሰላም። ነርስ ነኝ፤ ቫኑዋቱ አልሄድኩም፤ ግን ጎርፍ በነበረበት ቦታ ክሊኒክ ድንኳን ውስጥ ሠርቻለሁ። እህቴ ጋቢውን አታስቢ፣ በልብሽ የላክሽው ነው።

ከልብስ በፊት ውሃ ነው። በትንንሽ ደሴቶች ብዙው ሰው የሚጠጣው የጣሪያ ውሃ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ በአሸንዳው ሄዶ ታንከር ይገባል። ጣሪያው ሲነቀል ቤቱ ብቻ አይደለም የፈረሰው፤ የውሃ መሥመሩም ተቋረጠ ማለት ነው። ታንከሩ ቢተርፍ እንኳ ቅጠል፣ ጭቃና የሞተ አይጥ ገብቶበታል። ስለዚህ ጀሪካንና እኛ ውሃ አጋር የምንለው ዓይነት ማከሚያ ነው የመጀመሪያው። ቀላል ነው፣ ትንሽ ቦታ ነው የሚይዘው፣ ከሩቅ አገር ሳይሆን ከቅርብ መጋዘን ነው የሚመጣው።

ከዚያ ኩፍኝ። ፓም ከመምጣቱ በፊትም ቫኑዋቱ ውስጥ ኩፍኝ ገብቶ ነበር። ሰው አንድ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ታጭቆ ሲያድር ኩፍኝ እንዴት እንደሚሄድ ለእናት አይነገርም። ጤና ጥበቃቸው ከዩኒሴፍ ጋር ሆኖ ሕፃናቱን መከተብ ጀመረ፤ ቫይታሚን ኤም አብሮ። አጎበርም አደሉ፤ ውሃ ካቆረ ወባ ይከተላል።

ሌላው ሰው የሚያፍረው ነገር ነው። ሞዴስና የውስጥ ሱሪ። ከማያውቁት ሰው ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ለምታድር ሴት ባትሪ ያለው መብራት። እኔ የሠራሁበት ቦታ አንዲት እናት ተሰልፋ ተሰልፋ ተራዋ ሲደርስ ወጣቱ አዳይ «ምን ልስጥሽ?» አላት። ዝም ብላ መሬት መሬት አየች። ከኋላዬ ሆና በጆሮዬ ነገረችኝ። በዚያ ቀን መጋዘኑ ውስጥ የክረምት ካፖርት ነበር። እሷ የፈለገችው አልነበረም።

ፓሪስ_18

ከፈረንሳይ ነኝ። እኔ የምጨምረው ከማዮት ነው። ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያለች የፈረንሳይ ግዛት ናት፤ ከኮሞሮስ ጎን። ዲሴምበር 14 ቀን 2024 ቺዶ የሚባል ሳይክሎን መታት። በ90 ዓመት ያልታየ ተባለ።

እናንተ የምትሉት ችግር ደሃ አገር ላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማዮት በወረቀት አውሮፓ ናት። ግን ከቺዶ በፊትም ውሃ በተራ ነበር የሚመጣው። ከሕዝቡ ብዙው የሚኖረው ኮረብታ ላይ በቆርቆሮ በተሠሩ ሰፈሮች ነው። ብዙዎቹ ከኮሞሮስ በጀልባ የመጡ፣ ወረቀት የሌላቸው ናቸው። ማስጠንቀቂያው ደርሷቸው መጠለያ ለመሄድ የፈሩ ነበሩ፤ «ፖሊስ ሰብስቦ ሊያባርረን ነው» ብለው። በኋላም ዕርዳታ ሲታደል ሰልፍ ለመቆም የፈራ አለ። እዚህ አገር ያለ ወረቀት ለኖረ ሐበሻ ይሄን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም።

በይፋ የሞቱት 40 ተባለ። እዚያ ያለ ሰው ብዙው በዚያ ቁጥር አያምንም። ወረቀት የሌለውን ሰው ማን ይቆጥረዋል? ቀባሪው ወዲያው ነው የሚቀብረው፤ ሙስሊም አገር ነው።

ቦዬ_ተካይ

@ፓሪስ_18 ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ። ሰልፍ መፍራት የሚለው ውስጤ ቀረ።

ኮሜንት_አንባቢ

እሺ ልብስ አይሆንም፣ ገንዘብ ደግሞ ይበላል ተባለ። ታዲያ ዝም ብለን እንይ?

ዲመሬጅ

ኧረ አይደለም። ፊጂ ያደረገችውን ልንገርህ። ከዊንስተን በፊት ለደሃ ቤተሰብና ለአረጋውያን በየወሩ የሚከፈል ድጎማ ነበራት። እኛ ሴፍቲኔት እንደምንለው። ሳይክሎኑ እንዳለፈ መንግሥት በዚያው ዝርዝር፣ በዚያው የክፍያ መንገድ ተጨማሪ ብር ለቀቀ። አዲስ ምዝገባ የለም፣ አዲስ ኮሚቴ የለም። የዓለም ምግብ ፕሮግራምም በዚያው ላይ ጨመረ። ሠራተኛው ደግሞ ከጡረታ ፈንዱ ላይ የተወሰነ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። ሰው ቆርቆሮና ምስማር ገዛ።

ቫኑዋቱ ደግሞ በ2020 ሌላ ነገር አየች። ኤፕሪል ላይ ሃሮልድ የሚባለው መጣ፤ ሳንቶና ፔንተኮስት የሚባሉትን ደሴቶች መታ። ጊዜው ኮሮና ነው። አገሪቱ አንድም በሽተኛ የላትም፤ ድንበሯን ዘግታለች። የውጭ ዕርዳታ ሠራተኛ አይገባም። ዕቃ ይገባል፤ ግን መድኃኒት ተረጭቶ ለቀናት ሳይነካ ይቀመጣል። ሥራውን የሠሩት የአገሩ ልጆች ናቸው፤ የመንደር አለቆቹ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ፣ የቫኑዋቱ ቀይ መስቀል። ኦክስፋም ደግሞ ካርድ አደለ። ሰውየው ካርዱን ይዞ የመንደሩ ሱቅ ይሄዳል፣ ባለሱቁ ሞባይል ላይ ያስነካል፣ የፈለገውን ይገዛል። ሱቁም ከአደጋው ያገግማል። ሲስተር ያለቻት እናት እዚያ ብትሆን ሞዴሷን ማንንም ሳታፍር ትገዛ ነበር።

ጋሽ_መርከቡ

ልጄ ዲመሬጅ፣ ደህና ተናገርክ። ግን የመርከብ ሰው ነኝና አንድ ነገር ልቃወም። ሱቅ ባለበት ነው ካርድ። ኤሮማንጎ ላይ ሱቁ ራሱ ጣሪያ የሌለው ዕለት፣ ስኳሩ ቀልጦ ወለሉ ላይ በደረቀበት ዕለት፣ ካርድ ምን ያደርጋል? ገንዘብ አይበላም፤ ገንዘብ ዝናብ አይከለክልም። መርከብ መምጣት አለባት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ሸራ፣ ገመድ፣ መዶሻ፣ መጋዝ፣ ምስማር፣ ጀሪካን፣ ሩዝ። ሌላ ጨዋታ የለም።

ዲመሬጅ

ጋሼ፣ እጅ ሰጥቻለሁ፤ ልክ ነዎት። እኔም የምለው እነዚያ ዕቃዎች ከሳይክሎኑ በፊት እዚያው ደሴቱ ላይ ይቀመጡ ነው። ቀይ መስቀል የሚያደርገው እንደዚያ ነው፤ ሸራውና የመሣሪያ ጥቅሉ ቀድሞ በየክልሉ ይከማቻል። ያኔ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚሸፍነው በቅርብ ያለው ነው፤ ከሜልቦርን የተነሳው ኮንቴይነር ገና ባሕር ላይ ነው። ያንን መጋዘን መልሶ ለመሙላት ደግሞ የሚያስፈልገው ገንዘብ ነው።

ጋሽ_መርከቡ

አሁን ተስማማን።

የፉትስክሬይዋ

ሁለት ሳምንት ጠፍቼ ነበር፤ ይቅርታ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ይህን ክር ማኅበሩ ላይ አነበብኩት፤ የጋሼን የሩዝ ተሸካሚ ልጅ ሁለት ጊዜ አስደግመውኛል። ክርክር ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው እህት ተቀየመች። «በጎ ሥራ ለመሥራት ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ?» አለችና ሁለቱን ፌስታሏን ይዛ ሄደች። ልክ ናት አልልም፤ ግን ስሜቷ ይገባኛል። ዕቃ ስትሰጪ ሰጠሁ ይላል እጅሽ። ገንዘብ ስትልኪ ስልክሽ ላይ ቁጥር ይቀንሳል፤ ሌላ ምንም አይሰማሽም።

የቀረውን 12 ፌስታል ቅዳሜ ጋራዥ ሴል አወጣነው። ቡናም አፈላን፤ እውነቱን ለመናገር ከልብሱ ይልቅ ቡናው ሸጠ። አንዱ ፈረንጅ ጎረቤቴ አንድ የእጅ ቦርሳ ለመግዛት ሦስት ስኒ ጠጣ። በድምሩ 640 ዶላር አገኘን። ወደ ቫኑዋቱ ቀይ መስቀል እንዲሄድ ተወስኗል። ደረቅ ሐቅ፣ ደረሰኙን እዚህ እለጥፍልሃለሁ።

ደረቅ_ሐቅ

ለጥፊው። እጠብቃለሁ 😄 ለቡናውም ቢሆን መምጣት ነበረብኝ።

ጋሽ_መርከቡ

ስለ ጋቢው አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ታና መሀሏ ደጋ ናት። ጁላይ ላይ እዚያ ላይ ሌሊቱ ይበርዳል። ኮንቴይነሩ ከተከፈተ፣ ዕቃው ታና ከደረሰ፣ የሚለብሰው አይጠፋም። «ከሆነ» ብያለሁ፤ ተስፋ ላብዛብሽ አልፈልግም።

የፉትስክሬይዋ

እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ትናንት ለእናቴ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ወደቡን፣ 10 ወሩን፣ የደጋውን ብርድ። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ሌላ እየፈተልኩልሽ ነው» አለች። «ይሄኛውን ግን ለማንም እንዳትሰጪ።»